በባሕር ዳር ብስክሌተኛን ማን ቆጠረው?

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናት ይባላል። ባለሥልጣን በንግግሩ ይለዋል፣ ለእንግዳ ይነገራል፣ ፖስተር ላይ ዘንባባው፣ ጣናና ብስክሌቱ አብረው ይወጣሉ። እኔም እዚሁ ያደግሁ፣ ዛሬም ወደ ሥራ በብስክሌት የምመላለስ ሰው ነኝና ይህን ስሰማ ደስ ይለኛል። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ከተማዋ በብስክሌቱ ትኮራለች፤ ብስክሌቱ ላይ የተቀመጠውን ሰው ግን መንገድ በሚከፋፈልበት ሰዓት የሚያስታውሰው የለም። ይህ የአንድ ከንቲባ ጥፋት ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ስንፍና ቢሆን ኖሮ ቀላል ነበር። አስተዳደር በተቀያየረ ቁጥር አብሮ የሚተላለፍ አመለካከት ስለሆነ ነው ልጽፍበት የተነሳሁት።

ነገሩን ሰፋ አድርጌ ከማወራው አንድ ቦታ ላይ ልያዘው፦ ከዓባይ ማዶ ተነስቶ፣ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ አልፎ፣ ወደ መሐል ከተማ የሚገባው መንገድ። ይህን የመረጥሁት መንግሥት ለብስክሌት ብሎ ቦታ የለየበትና ገንዘብ ያወጣበት ስለሆነ ነው። ንግግር ሁሉም ይናገራል። እዚህ ግን አቋሙ በኮንክሪትና በአስፋልት ፈስሶ ይታያል፣ የጎደለውም እንዲሁ። ደግሞ ይህ መንገድ የከተማ መንገድ ብቻ አይደለም፤ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ጎንደር የሚያልፈው አውራ ጎዳናም ነው። ስለዚህ የፌዴራሉም የከተማውም እጅ አለበት።

ሜዳ ላይ የተዘረጋች ከተማ

ጎጃምን የሚያውቅ ሰው ብስክሌት ለምን ባሕር ዳር ላይ እንደበረከተ አይጠፋውም። ደብረ ማርቆስ ላይ ብስክሌት መንዳት ጉልበት ይፈትናል። ባሕር ዳር ግን 1800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ጣና ዳር፣ ሜዳ ላይ ናት። የበዛዊትን ኮረብታ ካልወጣህ በቀር ዳገት የሚባል አያጋጥምህም። ሙቀቱ ነው እንጂ የሚያስቸግረው መንገዱስ ራሱ ይነዳሃል።

የሰዎች ውሳኔም አለበት። በ1950ዎቹ ከተማዋ ባንድ ጊዜ ብዙ ነገር አገኘች። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተተከለ፣ በ1955 ፖሊ ቴክኒኩ ተከፈተ፣ ጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የመሩት ማስተር ፕላን ወጣ። ዛሬ የምንኮራባቸው ሰፋፊና ዛፍ ያጠላባቸው ጎዳናዎች የዚያ ዘመን ሐሳብ ናቸው። ፋብሪካ የፈረቃ ሥራ ነው፤ ሰው በጨለማ ገብቶ በጨለማ ይወጣል። ታክሲ በሌለበት ሰዓትና ታክሲ በሌለበት ዘመን ብስክሌት ያለው ሠራተኛ ቤቱ በጊዜ ይደርሳል። ተማሪውም እንደዚያው። እኛ ልጆች ሳለን በሰዓት የሚከራይ ብስክሌት ነበር፤ እግራችን ፔዳሉ ላይ በኮርቻው በኩል ስለማይደርስ በፍሬሙ መሐል አሾልከን ነው ነድተን የተማርነው። ሴቶችም ይነዱ ነበር፣ ዛሬም ይነዳሉ፣ ባሕር ዳር ላይ ሴት ልጅ በብስክሌት ስትሄድ ዞሮ የሚያያት ሰው ብዙ አይደለም። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። በሌላ ቦታ ሴቶችን ብስክሌት ላይ ለማውጣት ፕሮጀክት ይቀረጻል፤ እኛ ጋ ያለ ፕሮጀክት የመጣ ነገር ነው።

ከዚያ ባጃጅ መጣ። ባጃጅን አልጠላም፣ ይህን ከአሁኑ ልናገር። ብዙ ወጣት እንጀራ በልቶበታል፣ ምጥ የያዛት እናት ሌሊት ሆስፒታል ደርሳበታለች። ግን ባጃጅ የገባው በመንገዱ ዳር በኩል ነው፣ ያ ዳር ደግሞ ብስክሌተኛው ይሄድበት የነበረው ነው። የት ይሂድ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ብስክሌት ይከለከል የሚል አዋጅ አልወጣም፣ ብስክሌተኛን የሚጠላ ሹምም አላየሁም። ዝም ተባለ፣ ቦታው አለቀ፣ ሰዉም አንድ በአንድ እየወረደ ሄደ። ጎሚስታዎቹ ይህን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ድሮ የብስክሌት ካላማዳሪ ሲለጥፉ ይውሉ የነበሩት ዛሬ ግድግዳቸው ላይ የሚሰቅሉት የባጃጅ ጎማ ነው።

ድልድዩ

አሮጌው ድልድይ ከ60 ዓመት በላይ አገልግሏል። ጠባብ ነበር። ሲኖትራኩ፣ የጎንደር አውቶቡሱ፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ገበያተኛው፣ የተጫነች አህያ ሳይቀር ሁሉም እዚያ ላይ ይገናኙ ነበር። ብስክሌተኛ ድልድዩ ላይ ከገባ በኋላ ከኋላው ከባድ መኪና ከመጣ፣ ወይ ወርዶ እግረኛው መሐል እየገፋ መሄድ ነው፣ ወይ ደግሞ ሾፌሩ ታግሦ እንዲከተለው እየጸለየ መንዳት ነው። ብዙዎቻችን እንወርድ ነበር።

አዲሱ ድልድይ ግንቦት 2016 ተመረቀ። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር። ለእግረኛና ለብስክሌት ለብቻው የተለየ ቦታ አለው። ይህን አቅልዬ አላይም፣ ማንም እንዲያቀልለኝም አልፈልግም። በአገራችን ትልቅ የፌዴራል ግንባታ ውስጥ ብስክሌተኛ በንድፉ ላይ ስሙ ተጽፎ ቦታ ሲሰጠው ማየት ቀላል ነገር አይደለም። መጀመሪያ ያለፍሁበት ቀን የተሰማኝ ደስታ የልጅ ደስታ ነበር። ዓባይን ከላይ እያየሁ፣ ከኋላዬ ክላክስ ሳልሰማ፣ ሳልወርድ ተሻገርሁ።

ግን 380 ሜትር ነው። ከዓባይ ማዶ ተነስቶ ቅዳሜ ገበያ ለሚሄድ ሰው ድልድዩ የመንገዱ ትንሹ ክፍል ነው። የቀረው ኪሎ ሜትር ሁሉ ከባጃጅ፣ ከሚኒባስና ከጭነት መኪና ጋር ግፊያ ነው። ልጇን ብስክሌት ገዝታ ወደ ትምህርት ቤት ልትልክ የምታስብ እናት የምታየው ጥሩውን 380 ሜትር አይደለም፤ ክፉውን አደባባይ ነው። አንድ ቦታ ላይ የሚያስፈራ ከሆነ መንገዱ በሙሉ ያስፈራል፣ ልጁም ባጃጅ ላይ ይሳፈራል። መሐንዲስ ይህን የማያውቅ አይመስለኝም። የውኃ ቧንቧ ሲዘረጋ መሐል ላይ ተቆርጦ የሚቀር የለም፤ የብስክሌት መስመር ግን ተቆርጦ ሲቀር የሚጠይቅ ሰው የለም። እንግዲህ ጥያቄዬ እሱ ነው፤ ለምን የሚጠይቅ ሰው ጠፋ?

ቅጹ ላይ የሌለ ሰው

የመጀመሪያው መልስ ያለው በጣም አሰልቺ በሚመስል ወረቀት ላይ ነው። በፌዴራል መንገዶች ላይ የሚካሄድ የትራፊክ ቆጠራ አለ። መንገድ ዳር ሰው ይቀመጥና የሚያልፈውን ተሽከርካሪ ይመዘግባል። በዚህ ቆጠራ ተሽከርካሪው በ8 ምድብ ነው ተከፍሎ የሚቀርበው፦ አውቶሞቢል፣ ላንድሮቨር፣ ትንሽ አውቶቡስ፣ ትልቅ አውቶቡስ፣ ትንሽ የጭነት መኪና፣ መካከለኛ የጭነት መኪና፣ ከባድ የጭነት መኪና፣ ተሳቢ። ብስክሌት በነዚህ ምድቦች ውስጥ የለም።

ይህ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። አይደለም። መንገድ ስንት ሜትር ይስፋ፣ የትኛው ቀድሞ ይጠገን፣ መጋጠሚያው ላይ መብራት ይተከል ወይስ አደባባይ ይሠራ የሚባለው ከዚያ ቁጥር ተነስቶ ነው። ያልተቆጠረ ሰው ስፋት አይመደብለትም። ከዚያ አንድ ባለሙያ በቅን ልቡ ተነስቶ ብስክሌተኛው እኮ ጥቂት ነው፣ ለጥቂት ሰው ይህን ያህል ቦታ እንዴት እንሰጣለን ብሎ ቢጠይቅ መልስ የሚሰጠው የለም፣ ምክንያቱም ብዙ ነው የሚልም ቁጥር የለውም። እኔ በጠዋት ድልድዩ ላይ የማየውን ሰው አውቃለሁ። ዕቃ የጫነ ነጋዴ፣ ጥበቃ ሠራተኛ፣ ተማሪ፣ ግንበኛ መዶሻውን ኮርቻው ኋላ አስሮ። ግን እኔ አየሁ ማለት ለበጀት ስብሰባ ማስረጃ አይሆንም።

ሁለተኛው መልስ ያለው ስብሰባው ውስጥ ነው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው። የትራንስፖርት ጉዳይ ሲነሳ ማን ይጠራል? የባጃጅ ማኅበራት ይጠራሉ። የታክሲ ባለንብረቶች ይጠራሉ። የጭነት መኪና ባለቤቶች ይጠራሉ። ሁሉም ፈቃድ አላቸው፣ ታርጋ አላቸው፣ ግብር ይከፍላሉ፣ ቢያኮርፉ ሥራ ያቆማሉ፣ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ከተማው ያውቀዋል። ብስክሌተኛ ማኅበር የለውም። ብስክሌተኛ ቢያኮርፍ በእግሩ ይሄዳል፣ በቃ። ስለዚህ ታሪፍ ሲወሰን፣ ተራ ማስያዣ ሲመደብ፣ የትኛው ጎዳና ለማን እንደሚከፈት ሲነገር እሱ አዳራሹ ውስጥ የለም። ፖለቲካ ማለት እኮ ይሄ ነው፤ ወንበር ያለው ይደመጣል። ብስክሌት የሚነዳው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከቀኑ ደመወዝ ላይ ቀንሶ ስብሰባ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ብስክሌት ስፖርት ሲሆን ሁሉም ያጨበጭባል። ኢትዮጵያ መጀመሪያ በተሳተፈችበት የሜልቦርን ኦሎምፒክ፣ በ1949፣ ከላከቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ነበሩ። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ቱር ደ ፍራንስ ላይ ሲጋልብ አገር ኮርቷል። ይገባዋልም። ይህን ጭብጨባ ካየሁ በኋላ ሁልጊዜ የማስበው ሌሊት ከፈረቃ ወጥቶ ያለ መብራት ወደ ቤቱ የሚነዳውን ሰው ነው። ለእሱም ትንሽ ክብር መተው እንዴት ያቅተናል?

«ዳር ያዝ!»

መንገድ ላይ ከምሰማው ሁሉ የበዛው ይሄ ቃል ነው። «ዳር ያዝ እንጂ!» ሚኒባሱ ይለኛል፣ ባጃጁ ይለኛል፣ አንዳንዴ ትራፊክ ፖሊሱም ይለኛል። ዳሩ ላይ ምን አለ? የቆመ መኪና አለ፣ አሸዋ አለ፣ የተሰበረ የውኃ መውረጃ ክዳን አለ፣ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት የሚቆም ባጃጅ አለ። ከሁሉም የሚያስፈራው የቆመ መኪና በር ነው፤ ሾፌሩ ወደ ኋላ ሳያይ ይከፍተዋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ከዳሩ ትንሽ ወጣ ብሎ ነው የሚነዳው። ከኋላ ላለው ሰው ይህ ትዕቢት ይመስለዋል። መንገዱን ዘጋው ይላል። እኔ የምዘጋው ፈልጌ አይደለም፣ ዳሩን ይዤ በሕይወት ስለማልቆይ ነው።

የኛንም ጥፋት ልናገር፣ ካልተናገርሁ የምጽፈው ሁሉ ዋጋ ያጣል። በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዳ ብስክሌተኛ ብዙ ነው። ማታ መብራት የሌለው ብዙ ነው። ጓደኛውን ከኋላ፣ ሌላውን ከፊት አሳፍሮ የሚነዳ ጎረምሳ ሞልቷል። ፍሬን የሌለው ብስክሌት ይዞ በእግሩ ጎማ እያሸ የሚያቆምም አለ። ይህ ሁሉ መስተካከል አለበት፣ ትራፊክ ፖሊስም ቢቀጣ አልቃወምም።

ግን ሚዛኑን እንወቅ። ብስክሌተኛ ሲያጠፋ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ራሱ ነው፤ የጭነት መኪና ሲያጠፋ ሌላው ይሞታል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የግጭቱ ጉልበት 4 እጥፍ ይሆናል፣ ይህ ፊዚክስ ነው፣ ድርድር የለውም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚከንፍ መኪና በ30 ከሚሄደው 4 እጥፍ ነው የሚመታው። ስለዚህ ጥንቃቄ ከማን ይጀምር ሲባል ከከባዱ ነው መጀመር ያለበት። እኛ ጋ የሚሆነው ግን አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ተሳቢውን ማስቆም ከባድ ነው፣ ብስክሌተኛውን ማስቆም ቀላል ነው። አደጋ ሲደርስም መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ ብስክሌተኛው መንገዱ ላይ ምን ይሠራ ነበር የሚል ነው። መንገዱ ላይ የሚሠራውማ ሁሉም የሚሠራውን ነው፤ ወደ ሥራው እየሄደ ነው።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ግን ገንዘብና ክብር ነው። ብስክሌት የድሃ ነው፣ ወይም የልጅ ነው፣ ሰው ሲያድግ መኪና ይገዛል የሚል እምነት ውስጣችን ገብቷል። የተማረ ሰው፣ ሹመት ያገኘ ሰው በብስክሌት ቢሄድ ምን ነካው ይባላል። ውሳኔ የሚሰጡት ሰዎች ቢሮ የሚገቡት በመኪና ነው፤ ከተማዋን የሚያዩዋት በመኪና መስኮት ነው። ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ከዚያ መስኮት ሲታይ ብስክሌተኛ የሚታለፍ ነገር ስለሚመስል ነው።

1.3 ሜትር

ለብስክሌት የተለየ መስመር ተሠራ እንበል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? እኔ ያየሁት እንዲህ ነው። መጀመሪያ መኪና ይቆምበታል፣ ለ5 ደቂቃ ተብሎ። ከዚያ ጀበና ቡና የምታፈላ እህታችን ኩርሲዎቿን ታወጣበታለች፣ ሊስትሮውም ይቀመጣል። ማታ ሰው ይናፈስበታል። ለእነዚህ ሁሉ ልቤ ክፍት ነው፣ እነሱም መቀመጫ የተነፈጉ ሰዎች ናቸው። ችግሩ የሚከፋው ባጃጅ ሲገባበት ነው።

ባጃጅ ስፋቱ 1.3 ሜትር ገደማ ነው። ለአንድ አቅጣጫ የሚመከረው የብስክሌት መስመር ስፋት 2 ሜትር ነው። ሒሳቡን ሥራው። ለብስክሌት በደንብ የሚበቃ መስመር ለባጃጅም በደንብ ይበቃል። ቀለም ብቻ ከተቀባ፣ መንገድ በተዘጋጋ ሰዓት ባጃጅ ዘው ብሎ ይገባል፣ ከኋላው ሌላው ይከተላል፣ ከዚያ ወዲያ መስመሩ የባጃጅ ነው። ሾፌሩን ልትሰድበው አትችልም፤ የቀን ገቢ ለባለንብረቱ የሚያስገባ ወጣት ነው፣ ደቂቃ ለእሱ ብር ነው። የሚከለክለው ነገር ካልተተከለ ይገባል። የሚከለክለው ደግሞ ውድ አይደለም። መግቢያው ላይ አጫጭር ምሰሶዎችን ከ1.3 ሜትር ባነሰ ርቀት፣ ግን ዊልቸር እንዲያልፍ አድርጎ መትከል ነው። ብረትና ሲሚንቶ ነው። ይህን አለመትከል ራሱ ውሳኔ ነው፣ ማንም እንደ ውሳኔ ባይቆጥረውም።

ሌላው መጋጠሚያ ነው። ብስክሌተኛን ከቀጥተኛው መንገድ ይልቅ የሚያሰጋው መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ነው። መስመሩ አደባባይ ጋ ሲደርስ ከጠፋ፣ ሰውየውን ደህና አምጥቶ በጣም አደገኛው ቦታ ላይ ጥሎት ሄደ ማለት ነው። አደባባይ ላይ ማን ለማን ይቆማል? በሕግ የተጻፈው አንድ ነገር ነው፣ በተግባር የሚቆመው ትንሹ ለትልቁ ነው። መኪና ፍጥነቱን እንዲቀንስ የሚያስገድድ ጉብታ፣ ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ ብስክሌተኛው ከመኪናው ቀድሞ የሚለቀቅበት የመብራት ሰዓት፣ እነዚህ ናቸው የአንድ ከተማ አስተዳደር ስለ ብስክሌተኛ ምን እንደሚያስብ የሚናገሩት። ቀጥታ መንገድ ላይ ቦታ መስጠት ማንንም አያስከፋም። መጋጠሚያ ላይ ቅድሚያ መስጠት ግን መኪና ያለውን ሰው ሰኮንዶች ያስጠብቃል፣ ስለዚህ ድፍረት ይጠይቃል። እስካሁን የጎደለው ይሄ ድፍረት ነው።

ወረቀቱና ኮሪደሩ

ፖሊሲ የለም እንዳይባል አለ። በ2011 «መንገድ ለሰው» ተብሎ ከመኪና ነፃ የሆነ ቀን ተጀመረ። በ2012 ትራንስፖርት ሚኒስቴር የእግረኛና የብስክሌት የ10 ዓመት ስትራቴጂ አወጣ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ያሉ ከተሞችንም ይመለከታል። ከዚያ ከ2016 ወዲህ የኮሪደር ልማቱ መጣ፣ ባሕር ዳርም ደረሰ፣ የብስክሌት መስመርም በውስጡ ተካተተ። በወረቀት ላይ ብስክሌተኛ እንዲህ ተወዶ አያውቅም።

የኔ ቅሬታ ስለ ቦታው ነው። ኮሪደሩ የሚቀድመው ዋና ዋና ጎዳናዎችንና የሐይቁን ዳር ነው። ያምራል፣ ማታ ቤተሰብ ይዘው ይናፈሱበታል፣ ጥሩ ነው። ግን ወደ ሥራ በብስክሌት የሚሄደው ሰው ከየት ተነስቶ ወዴት ይሄዳል? ከዓባይ ማዶ፣ ከዘንዘልማ አቅጣጫ፣ ኪራይ ከሚረክስባቸው ዳርቻ ሰፈሮች ተነስቶ ወደ ገበያው፣ ወደ ግንባታው፣ ወደ ፋብሪካው ነው የሚሄደው። መስመሩ መጀመሪያ መድረስ የነበረበት እዚያ ነው። እንግዳ የሚያየው ጎዳና ቀድሞ ሲሠራ፣ ብስክሌቱ ለከተማዋ ውበት ተፈለገ እንጂ ሰውየውን ለማድረስ አልተፈለገም ማለት ነው።

ሌላም አለ። በ2016 አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖችን ማስገባት ከለከለች፣ ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ሆነ። ለአየሩ ጥሩ ነው፣ ለውጭ ምንዛሬም ጥሩ ነው። ለመንገዱ ስፋት ግን ምንም ለውጥ የለውም። የኤሌክትሪክ መኪናም የሚይዘው ቦታ ያው ነው፣ ሲገጭም ያው ነው። ድሮውንም ነዳጅ የማይጠጣው ተሽከርካሪ እጃችን ላይ ነበር።

ብስክሌት የተመለሰባቸው ቀናት

ያለፉት ጥቂት ዓመታት ለባሕር ዳር ሰው ከባድ ናቸው፣ ይህን እዚህ መዘርዘር አልፈልግም፣ የሚያውቅ ያውቀዋል። ከ2015 ወዲህ በጸጥታው ምክንያት ባጃጅ የሚቆምባቸው ቀናት ነበሩ። ቤንዚን የሚጠፋባቸው፣ ባጃጁ ማደያ ተሰልፎ የሚውልባቸው ቀናትም ነበሩ። ዋጋውም አለ። በ2014 ሐምሌ አንድ ሊትር ቤንዚን 47.83 ብር ነበር፤ በ2017 መስከረም መጨረሻ 91.14 ገባ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ 101.47 ሆነ። ይህ ሁሉ ከተሳፋሪው ኪስ ነው የሚወጣው።

በእነዚያ ቀናት ከተማዋን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል። በየቤቱ ጓሮ አቧራ የጠጡ ብስክሌቶች ወጡ። ሰው ከጎረቤት ተዋሰ። ጎሚስታው ጋ ሰልፍ ሆነ። ሐኪሟ ወደ ተረኛ ሥራዋ፣ መምህሩ ወደ ክፍሉ፣ አባት ዱቄቱን ከወፍጮ ቤት ጭኖ ወደ ቤቱ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ብስክሌተኛ ሆነ። መንገዱም ቻለው። ከተማዋ ለዚህ የተሠራች መሆኗን ያረጋገጠው ባለሙያ አይደለም፣ ያ የችግር ቀን ነው። ባጃጁ ሲመለስ ግን ሰዉ ተመልሶ ወረደ፤ ብስክሌቱ ከብዶት አይደለም፣ መንገዱ እንደገና አስፈሪ ስለሆነ ነው። በዚያ መሐል ስንት ሰው እንደነዳ የመዘገበ የለም። እንዲህ ያለ ማስረጃ በገንዘብ አይገዛም፣ እኛ በነፃ አግኝተን አሳለፍነው።

አሁን ምን ይሁን

ብዙ ሰው አዲስ መንገድ ይሠራ ይላል። እኔ ከዚያ በፊት የምለው ነገር አለኝ። በድልድዩ በሁለቱም ጫፍ ቆጠራ ይካሄድ። ጠዋት ከ12፡30 እስከ 2፡30፣ ማታ ከ11 እስከ 1 ሰዓት። በሥራ ቀንም በቅዳሜ ገበያም። ወንድና ሴት ይለይ፣ ዕቃ የጫነ ይለይ፣ ልጅ ይለይ፣ መስመሩን ትቶ አስፋልቱ ላይ የሚነዳውም ለብቻው ይመዝገብ፣ ምክንያቱም እሱ ነው መስመሩ ምን እንደጎደለው የሚነግረን። ዩኒቨርሲቲው እዚሁ ነው፣ የምሕንድስና ተማሪዎች ሞልተዋል፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ሲፈልጉ ይታያሉ። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ጥላ ይበቃል።

ከዚያ ቁጥሩን ይዞ ሰው ይግባ። የትራንስፖርት ስብሰባ ሲጠራ ከባጃጅ ማኅበሩ ጎን አንድ ጎሚስታ፣ አንድ የፈረቃ ሠራተኛ፣ አንዲት ብስክሌት የምትነዳ ተማሪ ይቀመጡ፣ አበላቸውም እንደሌላው ይታሰብላቸው፣ የቀን ገቢያቸውን ትተው ነው የሚመጡት። የመጀመሪያው አጀንዳም ቀላል ይሁን፦ የድልድዩ የብስክሌት መስመር ከከተማው በኩል ሲወጣ የሚደርስበት የመጀመሪያው አደባባይ ላይ ብስክሌተኛው በየት በኩል ያልፋል፣ ምሰሶውን ማን ይተክላል፣ ከየትኛው በጀት።